የጌጅ መስክ መዋዠቅ እና የላቲስ ሱፐርኮንዳክተር ሥርዓት፦ የሚለካውና የማይለካው

አጠቃሎ

በላቲስ ላይ የተቀመጠ ሱፐርኮንዳክተር «ሥርዓት አለው» ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው የኩፐር ጥንዶች ፌዝ በነጥቦቹ ሁሉ ላይ አንድ አቅጣጫ መያዙ ነው። የጌጅ መስኩ በነጻነት ሲዋዠቅ ግን ይህ አነጋገር እንደ ቃሉ ሊወሰድ አይችልም፤ በኤሊትዙር ቲዎረም መሠረት ጌጁ እስካልተወሰነ ድረስ የፌዙ ቦታዊ አማካይ ምንጊዜም ዜሮ ነውና። ይህ ጽሑፍ ሥርዓት የሚባለው ነገር በዚህ ሁኔታ ምን ትርጉም እንደሚኖረው፣ የጌጅ መስክ መዋዠቅ የሽግግሩን ዓይነትና ቦታ እንዴት እንደሚለውጥ፣ በሞንቴ ካርሎ ስሌትም የትኛው መጠን ሊለካ እንደሚገባው ያብራራል። መከራከሪያው አንድ ነው፦ በአማካይ መስክ ግምት የተገኘ ዜሮ ያልሆነ የሥርዓት መለኪያ ብቻውን የሱፐርኮንዳክተር ሥርዓት ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው በጌጅ ለውጥ የማይነካ መጠን መሆን አለበት።

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ የፊዚክስ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ውስጥ የሱፐርኮንዳክተር ቲዎሪ የቆየ ቦታ አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ በርካታ የመመረቂያ ጥናቶች ሱፐርኮንዳክቲቪቲና መግነጢስነት በአንድ ቁስ ውስጥ አብረው የሚኖሩበትን ሁኔታ መርምረዋል። የአሠራሩ መንገድ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። በባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር የ1957 ቲዎሪ ላይ የቆመ ሃሚልቶኒያን ይጻፋል፤ በግሪን ፈንክሽን ዘዴ የእንቅስቃሴ እኩልታዎች ይወጣሉ፤ የእኩልታዎቹ ሰንሰለት በአማካይ መስክ ግምት ይቆረጣል፤ በመጨረሻም የሥርዓት መለኪያው ከሙቀት መጠን ጋር ያለው ዝምድና በግራፍ ይቀርባል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘዴው ለተራ ብረታ ብረቶች የሽግግር ሙቀት ጥሩ ግምት ይሰጣል። ይሁን እንጂ አንድን ነገር አስቀድሞ ያስቀረዋል፦ የኤሌክትሮማግኔቲክ ቬክተር ፖቴንሺያሉን መዋዠቅ። የኩፐር ጥንዶች ቻርጅ አላቸው፤ ስለዚህ ፌዛቸው ከቬክተር ፖቴንሺያሉ ተነጥሎ ትርጉም የለውም። ይህ የቀረ ነገር ሲመለስ ውጤቱ የቁጥር እርማት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ «ሥርዓት» የሚለውን ቃል ራሱን እንደገና ማየትን ይጠይቃል።

ጥያቄው ከትልልቅ ቤተ ሙከራዎች ርቀው ለሚሠሩ ተመራማሪዎችም ቅርብ ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ከሚገኙባቸው ከተሞች አንዷ መካነ ሰላም ናት፤ ከዓባይ ሸለቆ በላይ በተዘረጋው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ትገኛለች። በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ችግር ፈሳሽ ሂሊየምም ሆነ የማቀዝቀዣ መሣሪያ አይፈልግም። በክፍል 7 እንደሚታየው አንድ ተራ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ካሉ፣ የችግሩን እምብርት መካነ ሰላም ላይ ተቀምጦ መመርመር ይቻላል።

2. ጌጅ ማለት ምን ማለት ነው? የሰዓት ምሳሌ

ፌዝ አንግል ነው፤ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እጅ በክብ ላይ ይዞራል። በኢትዮጵያ ደግሞ የሰዓት መነሻ ስምምነት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፦ በአገሩ አቆጣጠር ጧት ሦስት ሰዓት የሚባለው ቅጽበት በውጭ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቅጽበቱ አንድ ነው፤ የተለየው ዜሮ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ለምሳሌ ያህል መካነ ሰላም፣ ወግዲና ከላላ እያንዳንዳቸው የሰዓታቸውን መነሻ እንደፈለጉ የመረጡ ሦስት ነጥቦች ናቸው እንበል። በሁለት ከተሞች መካከል ባለው መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ሰዓቱን ለማስተካከል የሚደምረው ቁጥር የማስተካከያ ቁጥር ይባል። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ 6፣ ከወግዲ ወደ ከላላ −6፣ ከከላላ ወደ መካነ ሰላም 0 ቢሆን ድምሩ ዜሮ ነው። ወግዲ የውጭውን አቆጣጠር መርጣለች ማለት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም፤ ወግዲ መነሻዋን ብትቀይር ሦስቱም ቁጥሮች ዜሮ ይሆናሉ። የመጨረሻው መንገድ ቁጥር ግን 0 ሳይሆን 1 ቢሆን የዙሪያው ድምር 1 ይሆናል። በዚህ ጊዜ የትኛዋም ከተማ መነሻዋን ብትቀይር ይህ 1 አይጠፋም፤ አንዲት ከተማ መነሻዋን ስትለውጥ ወደ እርሷ በሚያስገባው መንገድ ላይ የሚጨመረው ከእርሷ በሚያስወጣው መንገድ ላይ ይቀነሳልና።

ምሳሌው የጌጅ ቲዎሪን ዋና ቃላት ሁሉ ይዟል። በየነጥቡ የሚነበበው ሰዓት ፌዙ ነው። በመንገዱ ላይ ያለው የማስተካከያ ቁጥር ቬክተር ፖቴንሺያሉ ወይም የጌጅ መስኩ ነው። መነሻን በየነጥቡ የመቀየር ነጻነት የጌጅ ለውጥ ይባላል። በዙሪያው ተደምሮ የማይጠፋው ቁጥር መግነጢሳዊ ፍሰት ነው። አንድ ከተማ ላይ «ሰዓቱ ሦስት ነው» ማለት ብቻውን ስለ ዓለም ምንም አይናገርም፤ በአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ያሉ ሰዓቶች ልዩነት የመንገዱ ማስተካከያ ተቀንሶለት ሲነበብ፣ እንዲሁም የዙሪያ ድምሩ ሲነበብ ግን ይናገራል።

3. የላቲሱ ሞዴል

የላቲስ ሱፐርኮንዳክተር ሞዴል ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባለ ሦስት አቅጣጫ ኪዩባዊ ላቲስ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ ፌዝ፣ በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ አንድ የጌጅ መስክ ይይዛል። ጉልበቱ በሙቀት መጠን ተካፍሎ ሲጻፍ ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ

−ኬ × ኮሳይን (የፌዝ ልዩነት − ጌጅ መስክ)

ሲሆን፣ ሁለተኛው በእያንዳንዱ ትንሽ አራት ማዕዘን ላይ

(ገ ÷ 2) × ፍሰት²

ነው። «ኬ» የፌዝ ግትርነት ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ይቀንሳል። «ገ» የጌጅ መስኩ ግትርነት ሲሆን ከቻርጁ ካሬ ጋር ተገላቢጦሻዊ ዝምድና አለው፤ ቻርጁ ሲያንስ ገ ይተልቃል፤ ፍሰቱም ለመዋዠቅ ይቸገራል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ሊዘነጋ አይገባም። ከላይ በተጻፈው ሞዴል ፍሰቱ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ክብ ያልሆነ ወይም ኮምፓክት ያልሆነ ጌጅ መስክ ይባላል፤ ለእውነተኛ መግነጢሳዊ መስክ የሚስማማውም እርሱ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ግን የዙሪያው ድምር ራሱ እንደ ሰዓት ይቆጠራል፤ 13 እና 1 አይለዩም። ይህ ኮምፓክት ጌጅ መስክ ሲሆን በክፍል 5 መጨረሻ ይመለሳል።

4. ቦታዊው አማካይ ለምን ዜሮ ይሆናል?

በተራ ማግኔት ውስጥ ሥርዓት የሚታወቀው እንዲህ ነው። ደካማ የውጭ መስክ ይሰጣል፤ የማግኔቱ መጠን ወደ ወሰን የለሽነት እንዲያድግ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ የውጭ መስኩ ወደ ዜሮ ይቀነሳል። ማግኔቱ አቅጣጫውን ይዞ ከቀረ ሲሜትሪው ተሰብሯል ይባላል። አቅጣጫው የሚጸናበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ሁሉንም ስፒኖች በአንድ ጊዜ ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት በስፒኖቹ ብዛት ይባዛል፤ ብዛቱ ወሰን የለሽ ሲሆን ደካማው መስክ እንኳ በቂ ነው።

በጌጅ ቲዎሪ ግን ነጻነቱ የየነጥቡ ነው። አንድ ነጥብ ብቻውን ፌዙን ሊያዞር፣ በዙሪያው ያሉት ስድስት ማያያዣዎችም የጌጅ መስካቸውን በዚያው ልክ ሊያስተካክሉ ይችላሉ፤ የሞዴሉ ጉልበት አይለወጥም። የውጭ መስኩ ይህን ለውጥ ለመከልከል ያለው ኃይል የአንድ ነጥብ ኃይል ብቻ ነው፤ የላቲሱ መጠን አያግዘውም። ስለዚህ መስኩ ወደ ዜሮ ሲሄድ አማካዩም አብሮ ዜሮ ይሆናል። ኤሊትዙር በ1975 ያረጋገጠው ይህንን ነው፦ ቦታዊ የጌጅ ሲሜትሪ በራሱ ሊሰበር አይችልም።

ታዲያ የባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር ክፍተት ምንድን ነው? መልሱ ጌጁ አስቀድሞ ተወስኗል የሚል ነው። በሰዓቱ ምሳሌ፣ ከተሞቹ መነሻቸውን በአንድ ደንብ እንዲመርጡ ከተስማሙ በኋላ የሰዓታቸው ንባብ ትርጉም ያገኛል። ደንቡ ሲለወጥ ግን ውጤቱም ሊለወጥ ይችላል። ኬነዲና ኪንግ በ1985 ኮምፓክት ባልሆነው የላቲስ ሞዴል ላይ እንዳሳዩት፣ በላንዳው ጌጅ ውስጥ ባለ ሦስት አቅጣጫው ሱፐርኮንዳክተር የረጅም ርቀት የፌዝ ዝምድና ሊኖረው ይችላል። ለሌላ የጌጅ ደንብ ግን ያው ቁስ፣ በዚያው ሙቀት፣ ያንን ዝምድና ላያሳይ ይችላል። በደንብ ምርጫ የሚመጣና የሚሄድ መጠን የቁሱ ባሕርይ ሙሉ መግለጫ ሊሆን አይችልም።

ይህ ማለት ሱፐርኮንዳክተርና ተራ ብረት አይለዩም ማለት አይደለም። አንደርሰን በ1958፣ ናምቡም በ1960 እንዳስረዱት፣ የማይስነር ክስተት በጌጅ ለውጥ የማይነካ እውነት ነው። መግነጢሳዊ መስክ ከሱፐርኮንዳክተሩ ይባረራል፤ የጌጅ መስኩም ግዝፈት እንዳለው ቅንጣት አጭር ርቀት ብቻ ይዘልቃል። ሥርዓቱ ያለው በፌዙ አቅጣጫ ሳይሆን በዚህ ምላሽ ውስጥ ነው።

5. መዋዠቁ የሚያመጣቸው ለውጦች

ሀ) የቀዘቀዘ ጌጅ መስክ። ገ እጅግ ሲተልቅ ፍሰቱ ዜሮ ሆኖ ይቀራል፤ ሞዴሉም ባለ ሦስት አቅጣጫው የኤክስዋይ ሞዴል ይሆናል። ሽግግሩ ያለ ዝላይ የሚፈጸም ሲሆን ኬ 0.454 አካባቢ ላይ ይገኛል። ይህ የቻርጅ አልባ ልዕለ ፈሳሽ ሽግግር ነው፤ የሥርዓት መለኪያውም በተለመደው ትርጉሙ ይሠራል።

ለ) ጥቃቅን መዋዠቅ፦ ከዝላይ አልባ ወደ ዝላይ። ሃልፐሪን፣ ሉበንስኪና ማ በ1974 የጠየቁት ጥያቄ ይህ ነበር፦ የሥርዓት መለኪያውን ርዝመት (መ) ቋሚ አድርጎ የጌጅ መስኩን መዋዠቅ ብቻ ብንደምር ነጻ ጉልበቱ ምን ይሆናል? የጌጅ መስኩ ከመ ጋር የሚመጣጠን ግዝፈት አለው። በሦስት አቅጣጫዎች ግዝፈት ያለው መስክ መዋዠቅ ለነጻ ጉልበት የሚያዋጣው ክፍል የግዝፈቱ ኪዩብ ኔጌቲቭ ነው፤ ለሁለቱ ተሻጋሪ አቅጣጫዎች ሲደመር ግዝፈት³ ሲካፈል በ6 ፓይ ይሆናል። ስለዚህ የጊንዝበርግና ላንዳው ነጻ ጉልበት አዲስ ክፍል ያገኛል፦

ነጻ ጉልበት = ሀ×መ² − ለ×መ³ + ሐ×መ⁴

ከሙቀት ጋር የሚለወጠው «ሀ» ነው። ያለ መካከለኛው ክፍል ሽግግሩ ሀ ዜሮ ሲሆን ይፈጸማል፤ መ ም ከዜሮ ቀስ እያለ ያድጋል። መካከለኛው ክፍል ሲገባ ግን ሀ ገና ፖዘቲቭ ሳለ፣ ሀ = ለ² ÷ 4ሐ ሲሆን፣ መ ከዜሮ ወደ ለ ÷ 2ሐ በአንድ ጊዜ ይዘላል። በቁጥር ለማየት ሐ = 1 እና ለ = 0.2 ይሁኑ። ሽግግሩ ሀ = 0.01 ላይ ሲሆን መ ወደ 0.1 ይዘላል፤ በዚያ ነጥብ ላይ ሦስቱ ክፍሎች 0.0001፣ −0.0002 እና 0.0001 ስለሆኑ ድምራቸው ከዜሮው ሁኔታ ጋር እኩል ነው። የጌጅ መስኩ መዋዠቅ ብቻውን ሽግግሩን ከዝላይ አልባ ወደ ዝላያዊ ለውጦታል ማለት ነው።

ሐ) አዙሪቶች፦ ዝላዩ እንደገና ሲጠፋ። ከላይ ያለው ስሌት የመን ርዝመት ቋሚ አድርጓል፤ አዙሪቶችንም አላስገባም። አዙሪት ማለት በዙሪያው ሲዞሩ ፌዙ ሙሉ ዙር የሚያደርግበት መስመር ነው፤ በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ እያንዳንዱ አዙሪት 2.07×10⁻¹⁵ ዌበር ፍሰት ይይዛል። የጌጅ መስኩ ሲቀዘቅዝ የአዙሪት መስመሮች በረጅም ርቀት ይሳሳባሉ፣ ይገፋፋሉም። ሲዋዠቅ ግን መስኩ አንዱን አዙሪት ከሌላው ይከልለዋል፤ ኃይላቸውም ከዘልቆ መግቢያ ርቀቱ አያልፍም።

ፔስኪን እንዲሁም ቶማስና ስቶን በ1978 ሞዴሉን በአዙሪቶች ቋንቋ መልሰው ጻፉት። ዳስጉፕታና ሃልፐሪን ደግሞ በ1981 በሞንቴ ካርሎ ስሌት ውጤቱን አረጋገጡ። በርቀት የማይሳሳቡ የአዙሪት ቀለበቶች ስታቲስቲክስ ከቻርጅ አልባው የኤክስዋይ ሞዴል የአሁን ቀለበቶች ስታቲስቲክስ ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን የሙቀት አቅጣጫው ተገልብጦ ነው። የሱፐርኮንዳክተሩ ቀዝቃዛ ሁኔታ የኤክስዋይ ሞዴል ሙቅ ሁኔታ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የመ ርዝመት በተወሰነበት ላቲስ ላይ ሽግግሩ ዝላይ የለውም፤ «የተገለበጠ ኤክስዋይ» ይባላል።

ሁለቱ ውጤቶች አይጣሉም፤ የሚገናኙበት ወሰን አለ። ወሰኑን የሚወስነው የመግነጢስ ዘልቆ መግቢያ ርቀት ለቅንጅት ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው የጊንዝበርግና ላንዳው ንጻሬ ነው። ክላይነርት በ1982 ወሰኑን 0.8 ሲካፈል በካሬ ሥር 2 ላይ ገመተ። ሞ፣ ሆቭና ሱድቦ በ2002 በሞንቴ ካርሎ ስሌት 0.76 ሲካፈል በካሬ ሥር 2፣ ማለትም 0.54 አካባቢ አገኙት። ንጻሬው ከዚህ ሲያንስ ሽግግሩ ዝላያዊ ነው፤ ሲበልጥ ያለ ዝላይ ነው።

መ) ኮምፓክት ጌጅ መስክ። ፍሰቱ ራሱ እንደ ሰዓት ሲቆጠር አዲስ ነገር ይገባል፦ ከአንድ ኪዩብ የሚወጣው ፍሰት ሙሉ ዙር ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሞኖፖል ነው። ፍራድኪንና ሼንከር በ1979 እንዳሳዩት፣ የሥርዓት መለኪያው አንድ አሃድ ቻርጅ ሲኖረው የሱፐርኮንዳክተሩን ሁኔታና ሞኖፖሎች የሞሉበትን የእገታ ሁኔታ የሚለይ ሙሉ ወሰን የለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሽግግር ሳያቋርጡ መሄድ ይቻላል። ቻርጁ ሁለት ሲሆን ግን ሁለቱ ይለያያሉ፤ የኬ ወሰን የለሽ ጫፍ ላይ ሞዴሉ ቬግነር በ1971 ወደ መረመረው ባለ ሁለት ዋጋ ጌጅ ሞዴል ይለወጣል፤ ሽግግሩም 0.761 አካባቢ ላይ ነው። በዚያ ሞዴል የትኛውም ቦታዊ የሥርዓት መለኪያ ሁለቱን ሁኔታዎች አይለይም። የሚለያቸው የዊልሰን ዙር አቀናነስ ነው፦ በአንደኛው ሁኔታ በዙሩ የታጠረውን ስፋት፣ በሌላው የዙሩን ርዝመት ይከተላል። ሃንሰን፣ ኦጋኔስያንና ሶንዲ በ2004 ይህንኑ ሐሳብ ይዘው የተዋዠቀ ጌጅ መስክ ያለው ሱፐርኮንዳክተር ሥርዓቱ ቶፖሎጂያዊ ነው ሲሉ ተከራክረዋል።

6. ቁሶቹ ምን ይላሉ?

ቲዎሪው የሚተነብየው ዝላይ በተራ ንጹሕ ብረቶች ውስጥ እጅግ ጠባብ ነው፤ በሙቀት መጠን ሲገለጽ በማይክሮኬልቪን ደረጃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አልሙኒየምን የመሰለ ንጻሬው ከ0.1 በታች የሆነ ብረት በቤተ ሙከራ ሲለካ የአማካይ መስክ ቲዎሪ የተሳካ ይመስላል፤ ለብዙ ተግባራዊ ስሌቶችም በእርግጥ ይበቃል።

በሌላው ጫፍ ላይ ያሉት የኩፕሬት ቁሶች ናቸው። ኢትሪየም፣ ባሪየም፣ መዳብና ኦክስጅን ያሉበት ታዋቂው ቁስ ሽግግሩ 93 ኬልቪን አካባቢ ሲሆን ንጻሬውም 100 አካባቢ ነው። ዘልቆ መግቢያ ርቀቱ ወደ ሽግግሩ ሲቀርብ የሚያድግበት ኤክስፖነንት ሦስቱን አማራጮች ይለያል፦ አማካይ መስክ 0.5፣ የቻርጅ አልባ ኤክስዋይ 0.33 አካባቢ፣ የተዋዠቀ ጌጅ መስክ ያለው ሞዴል 0.67 አካባቢ ይሰጣሉ። በ1994 ካማልና ባልደረቦቹ በዚህ ቁስ ላይ ያደረጉት ልኬት 1/3ን አገኘ። ትርጉሙ ሁለት ነው። የፌዝ መዋዠቅ በእርግጥ ይለካል፤ አማካይ መስክ አልበቃም። የጌጅ መስኩ መዋዠቅ የበላይ የሚሆንበት ክልል ደግሞ ለሽግግሩ ከዚያም ይበልጥ የቀረበ ነው፤ ንጻሬው ትልቅ ሲሆን የመግነጢሱ መስክ ደካማ ተሳታፊ ነውና። ስለዚህ የላቲስ ስሌት ከልኬት የማይተካ ድርሻ አለው፤ ቻርጁን እንደፈለጉ በማሳደግ በቁስ ውስጥ የሚደበቀውን ክልል ይከፍታል።

7. በአንድ ኮምፒውተር ምን ሊሠራ ይችላል?

በእያንዳንዱ አቅጣጫ 32 ነጥብ ያለው ላቲስ 32,768 ነጥቦች አሉት። በየነጥቡ አንድ ፌዝና ሦስት ማያያዣ ሲቆጠር 131,072 ቁጥሮች ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ስምንት ባይት ቢይዝ ጠቅላላው አንድ ሜጋባይት ነው። ይህ በማንኛውም ተራ ኮምፒውተር ይያዛል። መብራት በሚቋረጥበት ቦታ የላቲሱን ሁኔታና የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪውን ሁኔታ በየተወሰነ ደቂቃ በፋይል ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ስሌቱ ከቆመበት ይቀጥላል።

ዋናው ጥያቄ ምን ይለካ የሚለው ነው። የፌዙ አማካይ ቢለካ ስሌቱ ረዥም ከሆነ ዜሮ ይመጣል፤ ይህ የፕሮግራም ስሕተት አይደለም፣ የኤሊትዙር ቲዎረም ነው። ሊለካ የሚገባው የፍሰቱ መዋዠቅ ነው፤ በላቲሱ ውስጥ ሊገባ በሚችለው ረጅሙ ሞገድ ላይ። በተራው ሁኔታ ይህ መጠን ላቲሱ ሲያድግ ወደ ቋሚ ቁጥር ይቀርባል፤ መስኩ ነጻ ነውና። በሱፐርኮንዳክተሩ ሁኔታ ግን የላቲሱ ርዝመት በእጥፍ ሲያድግ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ መስኩ ታግዷልና። በሽግግሩ ነጥብ ላይ ደግሞ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ መጠኑ በላቲሱ ርዝመት ተባዝቶ ከኬ ጋር በግራፍ ቢሣል፣ የ8፣ የ12፣ የ16፣ የ24 እና የ32 ነጥብ ላቲሶች መስመሮች በአንድ ነጥብ አካባቢ ይቆራረጣሉ፤ መቆራረጫው ሽግግሩ ነው። ጌጅ መወሰን እንኳ አያስፈልግም።

ፕሮግራሙ ከመታመኑ በፊት ሦስት መፈተኛ ቁጥሮች አሉ። ገ እጅግ ሲተልቅ ኬ 0.454 መገኘት አለበት። ኬ እጅግ ሲተልቅ ኮምፓክት ባልሆነው ሞዴል ገ 0.076 መገኘት አለበት፤ ይህም ከመንታው የኤክስዋይ ሞዴል የሚወጣ ቁጥር ነው። ቻርጁ ሁለት በሆነው ኮምፓክት ሞዴል፣ ኬ እጅግ ሲተልቅ 0.761 መገኘት አለበት። በእነዚህ የታወቁ ጫፎች መካከል ያለው መስመር የተማሪው የራሱ ሥራ ነው። ኮምፓክት ባልሆነው ሞዴል ገ እየቀነሰ ሲሄድ የሽግግሩ ኬ ከ0.454 እያደገ ይሄዳል፤ ገ ወደ 0.076 ሲቀርብ ወደ ወሰን የለሽነት ያመራል፤ ከዚያ በታች የትኛውም ቅዝቃዜ ሱፐርኮንዳክተር አያመጣም። የጌጅ መዋዠቅ ሥርዓቱን እንዴት እንደሚያጠበው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሥዕል የለም።

የሥርዓት መለኪያው ርዝመትም እንዲለወጥ ሲፈቀድ ዝላያዊው ሽግግር ይመጣል። እዚህ ላይ በአንድ ላቲስ ላይ የታየ ባለ ሁለት ጉብታ ስርጭት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ሸለቆ ላቲሱ ሲያድግ እየጠለቀ መሄድ አለበት፤ የሁለቱን ሁኔታዎች የሚለየው ገጽ ጉልበት ከርዝመቱ ካሬ ጋር ያድጋልና። ሸለቆው ካልጠለቀ ዝላዩ የትንሽ ላቲስ ጥላ ሊሆን ይችላል።

8. ወደ «አብሮ መኖር» ጥያቄ መመለስ

በመግቢያው የተነሡት የመመረቂያ ጥናቶች ሥዕላዊ መደምደሚያ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ሁለት መስመሮች ይሣላሉ፤ አንዱ የሱፐርኮንዳክተሩ የሽግግር ሙቀት፣ ሌላው የመግነጢሱ። ከሁለቱም በታች ያለው ክልል «አብሮ መኖሪያ» ተብሎ ይሰየማል። ከላይ የተባለው ሁሉ ይህን ክልል ሲነካ ጥያቄው ይሰላል። ፌሮማግኔት የራሱን ፍሰት ይፈጥራል፤ ያ ፍሰት ደግሞ የጌጅ መስኩ አካል ነው። የኤሌክትሮኖችን ስፒን የሚነካውን የልውውጥ ኃይል ብቻ አስገብቶ ቬክተር ፖቴንሺያሉን ያስቀረ ሞዴል በዚያ ክልል ውስጥ መስኩ ምን እንደሚሆን ሊናገር አይችልም። መስኩ ይባረር ይሆናል፤ ማግኔቱ በትንንሽ ክልሎች ተከፋፍሎ አማካዩን ዜሮ ያደርግ ይሆናል፤ ወይም የውጭ መስክ ሳይኖር አዙሪቶች በራሳቸው ይወለዱ ይሆናል። በሦስቱም የአማካይ መስክ ክፍተቱ ዜሮ አይደለም፤ የሚለካው ምላሽ ግን ይለያያል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የኤርቢየም፣ ሮዲየምና ቦሮን ውሕድ ይመሰክራል። ቁሱ 8.7 ኬልቪን አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፤ ሙቀቱ ወደ 0.9 ኬልቪን ሲወርድ ፌሮማግኔትነቱ ያሸንፍና ሱፐርኮንዳክቲቪቲው ይጠፋል። ወደዚያ ጠባብ ወሰን ሲቀረብ በቁሱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የመስኩና የፌዙ ድርድር ነው። ስለዚህ የአብሮ መኖር ጥናት ከክፍተቱ ግራፍ አጠገብ ቢያንስ አንድ በጌጅ ለውጥ የማይነካ መጠን ቢያቀርብ፣ ለምሳሌ የመግነጢስ ዘልቆ መግቢያ ርቀቱን ወይም ለደካማ መስክ የሚሰጠውን የአሁን ምላሽ፣ «አብሮ መኖር» የሚለው ቃል ሊፈተን የሚችል ይዘት ያገኛል።

9. መደምደሚያ

የጌጅ መስክ መዋዠቅ በላቲስ ሱፐርኮንዳክተር ሥርዓት ላይ ሦስት ነገር ያደርጋል። የፌዙን ቦታዊ አማካይ ከሥርዓት ማስረጃነት ያወርደዋል። እንደ ጊንዝበርግና ላንዳው ንጻሬው መጠን ሽግግሩን ዝላያዊ ወይም የተገለበጠ ኤክስዋይ ያደርገዋል። የሥርዓቱንም ክልል ያጠባል፤ ጌጁ ኮምፓክት፣ ቻርጁም አንድ ሲሆን በሱፐርኮንዳክተሩና በእገታው መካከል ያለውን ወሰን እስከ መክፈት ይደርሳል። የአማካይ መስክ ዘዴ በዚህ አይሻርም፤ ለተራ ብረቶች የሽግግር ሙቀት አሁንም የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። የሚሻረው ከዘዴው ውጤት በቀጥታ «ሥርዓት አለ» ወደሚል ድምዳሜ የሚደረገው ዝላይ ነው። በመካከሉ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ መጠን፣ እያንዳንዱ ነጥብ የሰዓቱን መነሻ እንደፈለገ ቢቀይር፣ ሳይለወጥ ይቀራል ወይ? መልሱ «አዎ» የሆነለት መጠን ብቻ ስለ ቁሱ ይናገራል። ያንን መጠን አስልቶ መስመሮቹ የሚቆራረጡበትን ነጥብ ለማግኘት ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ሜጋባይት ቦታ፣ ሦስት መፈተኛ ቁጥሮችና ጥንቃቄ ናቸው።